የሱቁ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ አገር ቤት ንግድ የከፈታችሁ ብዙዎች ናችሁ። እናት በርበሬና ሽሮ ታዘጋጃለች፣ እኅት ከሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እየገዛች ትሸጣለች። እንዲህ ያለ ንግድ ድረ ገጽ ሲኖረው ቤይሩትም ዋሽንግተንም ያለ ሰው ያየዋል። ይህ ሰው ግን እናንተን አያውቅም፣ ጨርቁንም በእጁ አልዳሰሰም። የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ምን እንደምትሸጡ፣ ዋጋውንና በስንት ቀን እንደሚደርስ ከላይ ጻፉ። «ለዋጋ ይደውሉ» የሚለው ብዙ ገዢ ያባርራል። ፎቶው የራሳችሁ ዕቃ ይሁን፤ ጥለቱን በቀን ብርሃን ቀረብ ብላችሁ አንሡት፣ ቁመቱንም በሴንቲ ሜትር አስፍሩ። አብዛኛው ሰው በስልክ ስለሚያይ የፎቶውን መጠን አሳንሱ፤ ገጹ ቶሎ ካልተከፈተለት ትቶ ይሄዳል። ስለ ጌጡ አትጨነቁ። የሚሽከረከር ጽሑፍ አንድ ቀሚስ እንኳ አይሸጥም!

አድራሻው በ«ኤችቲቲፒኤስ» መጀመር አለበት። ይህ ደንበኛው የሚጽፈውን ሌላ ሰው በመንገድ ላይ እንዳያነበው ይጠብቃል እንጂ ሻጩ ታማኝ ለመሆኑ ምስክር አይደለም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ለዚህ የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ስለሚሰጥ፣ ለእሱ ብቻ ብዙ ብር የሚጠይቃችሁን ጠርጥሩት። የደንበኛን የካርድ ቁጥር አትቀበሉ፤ ክፍያው በባንክ ወይም አገር ቤት ላለ ገዢ በቴሌብር ይለፍ።

ትልቁ ጉዳይ የድረ ገጹ ስም ነው። ብዙ ጊዜ ገጹን የሚሠራው ልጅ ስሙን በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል። አንድ ቀን ብትጣሉ ወይም ልጁ ቢጠፋ፣ ስማችሁም ደንበኞቻችሁም በእሱ እጅ ይቀራሉ። ልጁ ይሥራ፣ ገንዘቡንም ይቀበል፤ ምዝገባው ግን በእናንተ ስምና ኢሜይል ይሁን። ምዝገባው የሚታደስበትን ቀንም ጽፋችሁ ያዙ፤ ካለፈ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

ኢሜይላችሁን ከይለፍ ቃል ሌላ በስልክ በሚመጣ ቁጥር ቆልፉት፤ ቁጥሩንም ለማንም አትንገሩ። ነገር ግን በእኛ ኑሮ ስልክ በአሠሪ ሊወሰድ ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቷም ከደጅ ትቀራለች። ስለዚህ ኢሜይሉ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ገልብጡ፤ አንዱን ቅጂ እናንተ ያዙ፣ ሌላውን አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ላኩ። በአሠሪ ኮምፒውተር ከገባችሁም ሳትወጡ አትነሡ፤ የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ ቢላችሁ እምቢ በሉ።

ፓስፖርታችሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ፣ የአሠሪያችሁ ቤትና ልጆች በገጹ ላይ አይታዩ። በብዙ የዓረብ አገሮች የቤት ሠራተኛ ፈቃድ ሌላ ሥራ አያሠራም። ስለዚህ ትእዛዝ የሚቀበለው፣ ዕቃውን የሚልከውና ስልክ የሚያነሣው አገር ቤት ያለው ባለ ንግድ ፈቃዱ ዘመድ ይሁን።