«ባዮ» የሚል ካርቶን ሁሉ አይታመንም

ዛሬ ሥራ ላይ አንድ የሾትጋን ጥይት ካርቶን እጄ ገባ። «100% ባዮዲግሬደብል ዋድ» ይላል። በስንት ዲግሪ? በስንት ወር? አፈር ውስጥ ነው ባሕር ውስጥ? አንድም ቃል የለም። እኔ እዚህ እንግሊዝ እንጀራዬ ፕላስቲክ መፈተሽ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ዋድ ማለት በጥይቱ ውስጥ በባሩዱና በእንክብሎቹ መሀል ያለው ክፍል ነው። በተተኮሰ ቁጥር ወጥቶ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ የሚለቅመው የለም።

1. ተራው ፕላስቲክ ዋድ ፖሊኢትሊን ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰባበራል፣ ማይክሮፕላስቲክ ይሆናል። አለቀ። ረግረግ ላይ የተተኮሰው ደግሞ ውሃ ይዞት ባሕር ይገባል።

2. የፋይበር ዋድ ይበሰብሳል። ከብት የሚያሰማሩ ብዙ ባለመሬቶች ከእሱ ሌላ አያስተኩሱም። ችግሩ የሚመጣው በብረት እንክብል ነው። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ ብረት ግን የጠመንጃውን በርሜል እንዳይቧጭር እንክብሎቹን የሚያቅፍ ኩባያ ይፈልጋል። እርሳስ ወፍ ይመርዛል ተብሎ ብረት ሲተካ፣ የፕላስቲኩ ኩባያ አብሮ መጣ።

3. አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ባዮ» በሚል ስም ፈጽሞ የማይገናኙ ዕቃዎች ይሸጣሉ።

ኦክሶ የሚባለው ያው ተራ ፕላስቲክ ነው፤ ቶሎ እንዲፈረካከስ ቅመም ተጨምሮበታል። መፈረካከስ ሌላ፣ መበስበስ ሌላ! የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ ያገደው በከንቱ አይደለም።

ኢኤን 13432 የሚል መለያ የለጠፈም አለ። ይህ መለኪያ የወጣው ለማሸጊያ ነው፤ የሚፈትነውም በፋብሪካ የማዳበሪያ ማብላያ ውስጥ፣ 58 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ላይ፣ በ6 ወር 90 በመቶው መበላቱን ነው። እስቲ በጥር ብርድ የስኮትላንድ ረግረግ ውስጥ 58 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ፈተናው እውነት ነው፣ ቦታው ግን ሌላ ነው። ይህን ደጋግሜ ስናገር «ሰርተፊኬት አለው እኮ» ይሉኛል። ሰርተፊኬቱን አንብባችሁታል ወይ?

ፒቪኤ የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከፖሊኢትሊን ይሻላል፣ አልክድም። ግን ስኳር ሻይ ውስጥ ሲሟሟ ጠፋ አይባልም። ፒቪኤንም የሚበላው ትክክለኛው ባክቴሪያ ካልተገኘ፣ ዓይናችን አላየውም እንጂ ውሃው ውስጥ አለ። ውሃውም ሲቀዘቅዝ፣ እንደ ፒቪኤው ዓይነት፣ መሟሟቱ ራሱ ይዘገያል።

ተቋማቱማ አይነሱ። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ የብሪታንያ የአደንና የተኩስ ማኅበራት በ5 ዓመት ውስጥ እርሳስንም አንዴ ተጥሎ የሚቀረውን ፕላስቲክም በፈቃደኝነት እናቆማለን አሉ። በፈቃደኝነት! ከዚያ ወዲህ በካምብሪጅ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን ገበያ ላይ የተሸጡ ፋሲያን ወፎችን ሲመረምር፣ እንክብል ከተገኘባቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእርሳስ የተገደሉ ነበሩ። እርሳሱ እንዲህ ከሆነ የፕላስቲኩን ገምቱት። መንግሥት በፕላስቲኩ ላይ የሚያስገድድ ሕግ እስኪያወጣ መግለጫ ማንበብ ነው ሥራችን። ላብራቶሪው ይለካል፣ ሪፖርቱ መሳቢያ ይገባል፣ ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ይሳላል።

አዳኝ የሆናችሁ፣ ጠመንጃችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ፋይበር ተጠቀሙ። አገር ቤት ያላችሁም ፌስታል ላይ «ባዮ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት? በስንት ዲግሪ? በስንት ጊዜ? ሦስቱን መመለስ ላልቻለ ሻጭ ተጨማሪ ሳንቲም አትክፈሉ።