የውሻ ቀለብ ከየት ይወጣል?

የጋይንት ገበሬ የበሬውን ወጪ ሲነግራችሁ አንዲት ነገር አይዘልም። ጭዱ ስንት ሸክም እንደ ሆነ፣ ጨው ስንት እንደ ገዛ፣ ለመርፌ ምን እንደ ከፈለ ይዘረዝራል። ስለ ውሻው ሲጠየቅ ግን ይስቃል። «ዶክተር፣ ውሻ ደግሞ ምን ወጪ አለው? ከደጅ ወድቆ ያድራል እንጂ!» (ዶክተር አይደለሁም። ግን በአገራችን ለከብት መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማስተባበሉን ከተውኩት ቆየሁ።) ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ መልሱ ይኸው ነው።

እስቲ እናስላው። ሌሊቱን ጅብ ሲያባርር አድሮ ቀኑን ከበግ ኋላ የሚውል፣ 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ሩብ ኪሎ ዱቄት የሚሰጠውን ያህል ጉልበት ይፈልጋል። በዓመት ሲባዛ 91 ኪሎ ይመጣል፤ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔትን ነገር ለሚያውቅ የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንትና የስማዳ ሰው ይህ ቁጥር እንግዳ አይደለም። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ሲታሰብ የስድስት ወሩ 90 ኪሎ ነው። በወጉ የሚቀለብ ውሻ የአንድ ሰው ሴፍቲኔት ይበላል ማለት ነው።

ይህን ለውሻ የሚሰፍር ቤት አላየሁም፤ ይስፈር ብዬም አልፈርድም። ውሻው የሚደርሰው ቁራሽ ቂጣ፣ አጓት ሲገኝ አጓት፣ የድስት እጣቢ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን አጥንት የሚባል ነገር ከቤቱ ይጠፋል። ታዲያ ጎደሎውን ማን ይሞላዋል? ራሱ። ገደል ከገባ አህያ፣ ከጎረቤት ማድቤት፣ ሜዳ ላይ ከተጣለ የበግ ጥንብ ይሞላዋል። ከጎተራው ያልወጣው ወጪ በበጉና በልጁ በኩል ዞሮ ይመጣል።

በበጉ ልጀምር፤ በሥራዬ አዘውትሬ የማየው እሱን ነውና። አዙሪት የያዘው በግ መጀመሪያ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጥሎ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ይቆማል፣ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞር ይጀምራል። ባለቤቱ ከመሞቱ በፊት ልረደው ይላል፤ አልከለክለውም። አንዳንዴ የራስ ቅሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት እስኪሰረጉድ ድረስ ሳስቶ ይገኛል። ሲከፈት አንጎሉ ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ስስ ከረጢት አለ። ከረጢቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ ግድግዳው ላይ ነጫጭ ነጥቦች ተሰባስበው ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ትል ራስ ናት። ይህን ሳሳይ ውሻው ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ተቀምጦ ምራቁን ይውጣል። ጭንቅላቱ እኮ የእሱ ድርሻ ነው፤ ሌላ ማን ይበላዋል?

ከበላው እነዚያ ራሶች በአንጀቱ ውስጥ ረጃጅም የኮሶ ትል ይሆናሉ። ውሻውን አያመውም፣ አያከሳውም። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን እንቁላላቸው ከኩሱ ጋር ግጦሹ ላይ ይወርዳል፤ በጎቹ ከሣሩ ጋር ይውጡታል፣ ከወራት በኋላ አንዷ መዞር ትጀምራለች። ጉበትና ሳንባ ላይ የሚገኘው የውሃ ቋት በሽታ መንገዱ ያው ነው፤ እሱ ግን በግ ላይ አያቆምም፣ ሰውንም ይይዛል። ሁለት በግ በአዙሪት ያጣ ሰው «ዘንድሮ በጉ አልሆነልኝም» ይላል እንጂ በውሻው ሒሳብ ላይ አይጽፈውም። እኔ እዚያ ነው የምጽፈው።

ውሻ የነከሰው ልጅ ወጪ ሌላ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ ከሚለከፉት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ በሽታውን የሚያገኙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ቢባል ይቀላል። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጠይቃል። ዱሮ ከበግ አንጎል የሚሠራው ክትባት በየቀኑ ለ14 ቀን ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። አዲሱ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን፣ አንዳንዴ በ28ኛውም ይሰጣል። ለሐኪሙ ይህ አራት ወይም አምስት መርፌ ነው። ከስማዳ ቆላ ለሚነሳ አባት ግን በእግር እስከ መኪና መንገድ፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የሚቀር እርሻ ነው። ክትባቱ ከአንዱ ቦታ ታጥቶ ወደ ሌላው ሲላክ ይህ እጥፍ ይሆናል። ፍየል የሚሸጠው ያኔ ነው።

የነከሰው ውሻ የጎረቤት ከሆነ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌም ባይኖር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ ሳያስበው አምልጦት ቢሆንም እንኳ። «ማሰሪያውን በጥሶ ነው» ማለት አያድንም። ማሰሪያ የሚባል ነገር ያልነበረው ውሻማ ከናካቴው።

ድመት ከዚህ ሁሉ ትቀላለች። ጎተራ ላይ በአይጥ የሚያልቀውን ገብስ ላየ ሰው ጥቂት ወተት ወጪ አይደለም። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ቤት ድመትም የአይጥ መርዝም ያኖራሉ። መርዝ በልታ የተንገዳገደችውን አይጥ ድመቷ ቀድማ ትይዛታለች። ከሁለት አንዱን ምረጡ። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታልና መከተቡን አትርሱላት።

አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን የውሻውን ወጪ በወር በወር ያውቀዋል፤ ምግቡንም ክትባቱንም በብር ስለሚገዛ። እኛ ዘንድ በጀቱ ከበዓልና ከአዝመራ ጋር ቢያያዝ ይሻላል። የትል መድኃኒቱን፣ ፕራዚኳንቴልን፣ እርድ በሚበዛባቸው ጊዜያት ልክ ብንሰጥ ጥሩ ነው፦ ከመስቀል፣ ከገና፣ ከፋሲካና ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ወር ሳይሞላ። ትሉ እንቁላል ሳይጥል ይያዛል። መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሆነ ከባለሙያ ጋር ተመካከሩ። የታመመውን ጭንቅላት፣ ጉበትና ሳንባ ግን ማቃጠል ወይም ውሻ በማይቆፍርበት ጥልቀት መቅበር ነው።

ለክትባቱ የምመርጠው ጥር ነው። አዝመራው ገብቷል፣ እጅ ላይ ትንሽ ብር አለ፣ በክረምት የተወለደው ቡችላም ለመከተብ የሚበቃበትን ሦስት ወር አልፏል። ክትባቱ የሚመጣው በበረዶ ሳጥን ነው። ባለ 10 ዶዝ ብልቃጥ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። አንድ ሰው አንድ ውሻ ይዞ ሲመጣ ወይ 9ኙ ይደፋል ወይ ሰውዬው ሌላ ቀን ና ይባላል፤ ሌላ ቀን የሚመጣ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ አሥር ቤት ይስማማ። እድር አለ፣ ማኅበር አለ፤ የማኅበሩ ጠላ ሲጠጣ የውሻም ቀን ይቆረጥ። ከመንደሩ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው የሚዛመትበት መንገድ ይዘጋል።

ሦስት ውሻ ለሚያኖር ደግሞ በግልጽ የምነግረው አለኝ፤ አንዱን አጥግብ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ሦስቱ የተራቡ ሌሊቱን የሚያድሩት በየሰው ደጅ ነው፤ በጉን የሚጠብቀው የለም።

ባለፈው አንድ መንደር አሥሩን ቤት አሰባስቦ ጠራኝ። ብሩ ቀደም ብሎ ተዋጥቶ ነበር። ያከራከረን ውሻውን ማን ይያዘው የሚለው ነው፤ ውሾቹ በሕይወታቸው ገመድ አያውቁም። ለሚቀጥለው ጥር ቡችሎቹን ከአሁኑ በገመድ አለማምዷቸው፤ ጭንቅላቱን የሚይዘው ግን ባለቤቱ ነው፣ እኔ ከወደ ኋላ ነኝ።