ለሰቆጣ የሚከፈት ፖርት

ቶር በሚባለው መረብ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ መረቡን የተሸከሙትን ኮምፒዩተሮች የሚያውቃቸው ግን ጥቂት ነው። እነዚህ ኮምፒዩተሮች ሪሌይ ይባላሉ፤ የሚያቆሟቸውም በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሰቆጣ ውስጥ ያለ አንባቢ በቶር ማሰሻ አንድ ድረ ገጽ ሲጠይቅ ጥያቄው ሦስት ሪሌዮች ተቀባብለውት ይደርሳል። የመጀመሪያው የጠያቂውን አድራሻ ያያል፤ መድረሻውን አያውቅም። የመጨረሻው መድረሻውን ያውቃል፤ ጠያቂውን አያውቅም። የመካከለኛው ሁለቱንም አያውቅም።

አገራችን ከቶር ጋር የቆየ ታሪክ አላት። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የቶር ገንቢዎች ከኢትዮጵያ ወደ መረቡ የሚደረገው ግንኙነት መታገዱን አስታወቁ። ያኔ የተዘጋ የፖርት ቁጥር አልነበረም። በመስመሩ ላይ የተተከለ መሣሪያ የሚያልፈውን መልእክት ውስጡን እየመረመረ፣ ቶር ግንኙነት ሲጀምር የሚለዋወጠውን የምስጠራ መክፈቻ ለይቶ ያቋርጠው ነበር። በ2009 ዓ.ም. አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ኦኒ የተባለው የኢንተርኔት ሳንሱር መርማሪ ቡድን ያወጡት የጋራ ሪፖርትም ይህን ዓይነት እገዳ በልኬት አሳይቷል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ግን ታግደው የነበሩ ከ200 በላይ ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፍተዋል።

ፖርት ምንድን ነው? በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ላይ እስከ 65,535 የሚደርሱ ቁጥሮች አሉ። አንድ ፕሮግራም ከነዚህ አንዱን ይዞ ከውጭ የሚመጣን ጥሪ ሲያዳምጥ ያ ፖርት ክፍት ነው እንላለን። የሚያዳምጥ ፕሮግራም ከሌለ ፋየርዎሉ ቢፈቅድም የሚመልስ የለም። ፋየርዎል በግቢ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፦ ከውስጥ የወጣውን ሰው ያስታውሳል፤ ሲመለስ ያስገባዋል፤ ሳይጠራ ከውጭ የመጣውን ግን የትኛውን ቤት እንደሚፈልግ ጠይቆ ትእዛዝ ካልተሰጠው ይመልሰዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቶርን ለመጠቀም ብቻ የሚፈልግ ሰው አንድም ፖርት መክፈት አያስፈልገውም፤ ጥሪው ከእሱ ስለሚነሳ መልሱ በዚያው ይገባል። በስልክ ዳታ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ልክፈት ቢልም አይሆንለትም፤ የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የጋራ አድራሻ ስለሚያወጡ፣ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ለየትኛው ስልክ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም። አገር ውስጥ ሆኖ ሪሌይ ለማቆም የሚያስብም ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን ወንጀል ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 761/2004 አስቀድሞ ያንብብ። ለሰቆጣ የሚያገለግለው ፖርት መከፈት ያለበት ከሰቆጣ ውጭ፣ ያገራችን ሰው በሚኖርባቸው የውጭ ከተሞች ነው።

የተራ ሪሌዮች አድራሻ ለሁሉም በይፋ ስለሚታይ፣ ማገድ የፈለገ መንግሥት ዝርዝሩን ወስዶ በአንድ ጊዜ ሊዘጋቸው ይችላል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ድልድይ የሚባለውን ነው። ድልድይ አድራሻው በይፋው ዝርዝር ውስጥ የማይገባ የመግቢያ ሪሌይ ነው። ኦብፍስ4 የተባለው ፕሮግራም ሲጨመርለት ግንኙነቱ ቅርጽ የሌለው ይመስላል፤ እንደ 2004ቱ ያለ መርማሪ መሣሪያም ለመለየት ይቸገራል። ለተራ ሪሌይ ቢያንስ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ሲጠየቅ፣ ለድልድይ 1 ሜጋ ቢት ይበቃል።

ድልድይ የሚያቆም ሰው ዋና ፈተናው ፋየርዎል ነው። ድልድዩ ሁለት ፖርቶች አሉት፦ የቶር የራሱ ኦአር ፖርትና የኦብፍስ4 ፖርት። ተጠቃሚው የሚገባው በሁለተኛው ነው። ቁጥሩን ባለቤቱ ካልወሰነለት ግን ኦብፍስ4 ያገኘውን ቁጥር ይይዛል፤ ፋየርዎሉም ያንን ቁጥር ስለማያውቀው ይዘጋዋል። ቶር ሲነሳ ራሱን ፈትሾ ከውጭ እደረሳለሁ ብሎ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው ስለ ኦአር ፖርት ብቻ ነው። ባለቤቱ ያንን አይቶ ይደሰታል፤ ድልድዩ ግን ለማንም አይደርስም። መድኃኒቱ ለኦብፍስ4 ቋሚ ቁጥር መስጠትና የቶር ፕሮጀክት ባዘጋጀው የድልድይ መፈተሻ ገጽ ከውጭ ማስሞከር ነው።

ለቁጥሩ 443 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጥብቅ ፋየርዎሎች ሳይቀሩ ለድረ ገጽ ሲሉ ያሳልፉታል። 9001 ግን የቶር የታወቀ ቁጥር ስለሆነ ለድልድይ አይሆንም። ፋየርዎሉም አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፦ ድልድዩ ባለበት ሰርቨር ላይ ያለው፣ ሰርቨሩን ያከራየው ኩባንያ በድረ ገጹ የሚያስተዳድረው፣ ሰርቨሩ ቤት ካለ ደግሞ ራውተሩ። አንዱ ከዘጋ የሌሎቹ መፈቀድ ዋጋ የለውም። ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰው ፋየርዎሉን ከማብራቱ በፊት ከሩቅ ለሚገባበት ፖርት፣ ለ22፣ መፍቀድ አለበት፤ አለዚያ ራሱን ከውጭ ይዘጋል። የቶር የውስጥ ፖርቶች የሆኑት 9050 እና 9051 በምንም ምክንያት ለውጭ አይከፈቱ፤ በሁለተኛው በኩል ቶርን ማዘዝ ይቻላል። መረጃ ወደ መጨረሻው ድረ ገጽ የሚያወጣውን መውጫ ሪሌይ ደግሞ ማንም ከቤቱ አያቁም፤ ሌሎች የሚያደርጉት ሁሉ በእሱ አድራሻ ይመዘገባል።

ድልድይ የማያሻግረው ነገርም አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ ሲደርስ ስልክም መብራትም ጠፍቶ ነበር። በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። መስመሩ ራሱ ሲቆረጥ ምንም ዓይነት ሪሌይ አይረዳም። ድልድይ የሚሠራው መስመሩ ኖሮ የሚያልፈው እየተመረጠ ሲታገድ ነው፤ ያ ጊዜ ደግሞ ሳይታሰብ ይመጣል።

በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ሰርቨር የመከራየት አቅም ያላችሁ፣ አንድ ድልድይ አቁሙ። ፖርት መክፈት የማትችሉ ደግሞ የድልድይን ሥራ የሚሠራውን፣ ስኖውፍሌክ የሚባለውን ቅጥያ በማሰሻችሁ ላይ ጫኑ፤ ከራውተር ጀርባ ሆኖም ይሠራል፤ ፋየርዎላችሁን መንካት አያስፈልገውም።