በወላይታ ለሚተከሉ የእርሻ ምርት ፋብሪካዎች ስለሚያስፈልገው ሽቦ አልባ መገናኛ

ቡናና ዝንጅብል በሚዘጋጅበት፥ እህል በሚፈጭበት ፋብሪካ፥ ሚዛኑም የመጋዘኑም የእርጥበት መለኪያ የሠራተኛውም ስልክ ያለ ሽቦ እንዲገናኙ ይፈለጋል። መገናኛው በቅጡ ካልታቀደ የመንግሥት ገንዘብ ይባክናል፤ የገበሬውም ምርት ሳይታወቅ ይበላሻል። ስለዚህ የዞንና የወረዳ ሹማምንት ውል ከመፈረማቸው አስቀድሞ ሊመረምሩት የሚገባው ነገር ከዚህ በታች ተገልጧል።

1ኛ፤ ስለ አገሩ አቀማመጥ። ለዚህ ሥራ የሚውለው የራዲዮ ማዕበል እንደ ብርሃን በቀጥታ ይሄዳል እንጂ ተራራ አይሻገርም። ሶዶ በዳሞታ ግርጌ ስለ ሆነች፥ ከተራራው ማዶ ላለ ፋብሪካ ሌላ ምሰሶ በመካከል ያስፈልገዋል። ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ግን አገሩ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ፥ ከከፍታ ላይ የቆመ ምሰሶ ሩቅ ያያል። ሆኖም መተያየት ብቻውን አይበቃም። በ5 ጊጋኸርዝ ለሚሠራና 10 ኪሎ ሜትር ለሚራራቁ ሁለት ምሰሶዎች፥ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ከመስመሩ ዙሪያ 7 ሜትር ያህል ባዶ ስፍራ መኖር አለበት። ዛሬ የተተከለ ባሕር ዛፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህን መንገድ ይዘጋዋል።

2ኛ፤ ስለ ቤቱ። ቆርቆሮ ማዕበሉን ይመልሰዋል፤ እርጥበት ደግሞ ይመጠዋል። ስለዚህ በባዶ መጋዘን ውስጥ በመልካም የሚሠራው መገናኛ፥ እርጥብ ዝንጅብል የያዘ ጆንያ እስከ ጣራው ሲከመር ሊጠፋ ይችላል። ልኬቱ በመከር ወራት፥ መጋዘኑ ሞልቶ፥ መኪናዎቹም እየሠሩ ይደረግ።

3ኛ፤ ስለ ኃይሉ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በግልጥ ሜዳ እንኳ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን ለማካካስ የማሠራጫውን ጉልበት ብቻ መጨመር አይረዳም፤ አንዱ ጮኾ ቢናገር የሌላው ድምፅ ደካማ ከሆነ ንግግሩ አይፈጸምምና። የሚሻለው ትንንሽ ማሠራጫዎችን በየስፍራው አቀራርቦ መትከል ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሠራ፥ አንዱ የሌላውን እንዳያውክ ጎረቤታሞቹ 1ኛውን፥ 6ኛውንና 11ኛውን መስመር ይከፋፈሉ። ስለ ሞገድ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አስቀድሞ ይጠየቅ።

4ኛ፤ ስለ ሰው ደኅንነት። መብራት ሲጠፋ መገናኛው እንዳይቋረጥ ባትሪ ይዘጋጅ፤ ምሰሶውም ከመብረቅ እንዲድን ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዝ። ከሁሉም በላይ፥ አደጋ ሲደርስ ወፍጮን ወይም ሌላ ተሽከርካሪ መኪናን የሚያቆመው ቁልፍ በሽቦ የተሳበ ይሁን፤ ለተራ ሥራ የተዘረጋ ሽቦ አልባ መገናኛ ለቅጽበት ቢቋረጥ የሠራተኛው እጅ ሊቆረጥ ይችላልና።

በመጨረሻም የውሉ የኋለኛ ክፍያ ሥራ ተቋራጩ ምሰሶውን ባቆመበት ቀን ሳይሆን፥ በሞላ መጋዘን ውስጥ እያንዳንዱ ማዕዘን ተለክቶ መገናኛው መልካም መሆኑ በጽሑፍ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲሆን ሹማምንት በውሉ ውስጥ ያስገቡ።