አምባዛ በሳሎን፦ ዓሣው ርካሽ፣ ቤቱ ውድ

ቤቴል አካባቢ አዲስ ቪላ ሠርቶ የገባ ሰው፣ ሶፋውና መጋረጃው ከተሟላ በኋላ ለሳሎኑ የዓሣ መስታወት ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም። ትንንሾቹ ቀያይ ዓሦች ሲሰለቹት ደግሞ ዓይን የሚሞላ ነገር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ነው አምባዛ የሚታሰበው። ጫጩቱ ጣት ያህላል፣ ጢም አለው፣ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። ሻጩም "ግድ የለም፣ ዓሣ የሚያድገው በቤቱ ልክ ነው" ብሎ ያሰናብታል።

አባባሉ በዓለም ዙሪያ የዓሣ መሸጫዎች ሲነገር የኖረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በጠባብ መስታወት ውስጥ ዕድገቱ የሚገታ ዓሣ ቢኖር በራሱ ቆሻሻ የታመመ ዓሣ ነው። አምባዛ ደግሞ በቀላሉ የሚገታ አይደለም። ሙቅ ውኃና ጥሩ መኖ ካገኘ ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ አንድ ኪሎ ይደርሳል። በሐይቅ ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ርዝመትና እስከ 60 ኪሎ የሚደርስ ክብደት ሊኖረው ይችላል። የጥንቷ ግብፅ ንጉሥ ናርመር ከ5,000 ዓመት በፊት ስሙን ካስጻፈባቸው ሁለት ምልክቶች አንዱ ይኸው ዓሣ ነበር። ለንጉሥ ስም የበቃ እንስሳ በአበባ ማስቀመጫ መጠን ይወሰናል ማለት ዘበት ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ መሠራት ያለበት ለጫጩቱ ሳይሆን ለጎልማሳው ነው። ዓሣው እንደልቡ እንዲዞር 2 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ውኃው 60 ሳንቲ ሜትር የሚቆምበት መስታወት ያስፈልጋል እንበል። ይህ 1,200 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፣ መስታወቱና የአንግል ብረቱ መቆሚያ ሳይቆጠር ሳሎን ውስጥ 12 ኩንታል ተቀመጠ ማለት ነው፤ በካሬ ሜትር 600 ኪሎ። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ነው። ቪላው መሬት ላይ ከሆነ ችግሩ ይቀላል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ የታችኛውን ጎረቤትም ይመለከታል። ቤት የሚያከራዩ ደላሎችም ተከራዩ "ትንሽ ዓሣ አለኝ" ሲላቸው ስንት ሊትር ብለው ቢጠይቁ አይጎዱም።

ቀጥሎ ውኃው አለ። አምባዛ ሥጋም ዕፅዋትም የሚበላ ነው፤ ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል። በሳምንት ሩቡን መቀየር ቢያስፈልግ 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 15 ጀሪካን ነው፤ በወር 60 ጀሪካን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከሮቶው የሚቀዳው ከቤተሰቡ ድርሻ ላይ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው እንደመጣ አይገለበጥም፤ አንድ ቀን ማሳደር ይገባል። የሚደፋው ውኃ ግን ለጓሮ ጎመን ጥሩ ማዳበሪያ ነውና ሁሉም ኪሳራ አይደለም።

አዲስ አበባ ደጋ ናት። አምባዛ የሚፋፋው 28 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቅዝቃዜውን ቢችልም ምግብ መብላቱን ይቀንሳል። 18 ዲግሪ የሆነን 1,200 ሊትር ወደ 26 ለማድረስ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ይህ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሙቀቱን ጠብቆ ማቆየት በወር መጨረሻ ቢል ላይ ይታያል። መብራት ሲጠፋ ግን አምባዛ ከቀረሶ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ወደ ላይ ወጥቶ ይተነፍሳል። ስለዚህ በውኃውና በክዳኑ መካከል የአየር ቦታ መተው ግዴታ ነው። ክዳኑም ከባድ ይሁን። እርጥብ መሬት ላይ በክንፉ እየተደገፈ የሚጓዝ ዓሣ ነውና፣ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ሊገኝ ይችላል። ጓደኛ አይጨመርለት፤ አፉ የሚችለውን ሁሉ፣ የራሱን ወገን ጭምር ይውጣል።

"ተራብቶ ወጪውን ይመልሳል" የሚል ተስፋም ይሰማል። አምባዛ በተፈጥሮ የሚራባው ዝናብ ሲጥልና ውኃ ሞልቶ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ ነው። በእርባታ ጣቢያዎች እንቁላል የሚገኘው ለሴቷ ሆርሞን በመውጋት ሲሆን፣ ከወንዱ ዘር ለማግኘት ብዙውን ጊዜ እሱን ማረድ ያስፈልጋል። ሳሎን ውስጥ የሚሆን ሥራ አይደለም።

ታዲያ ዓሣው መስታወቱን ሲሞላ የት ይሄዳል? የቤቴል ወንዝ ትንሹ አቃቂ ነው፤ የከተማው ፍሳሽ ተሸካሚ ሆኖ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል። እዚያ መልቀቅ ለዓሣው ሞት፣ ለወንዙም ከመስታወቱ የመጣ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለምግብ መሸጥም ከቀረሶ ጋር እኩል አይሆንም። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በኦሪት ሕግ አይበላም የሚሉ ምዕመናን ብዙ ናቸው። የዓሣ ገበያው በሚደራበት በጾም ወቅት የሚሸሹት እነዚሁ ገዢዎች መሆናቸው ነው ችግሩ። ለብለብ የሚሠሩ ቤቶች አጥንት የሌለውን ሥጋ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ለአንድ ዓሣ የሚደራደር ነጋዴ የለም።

በዚህ ሁሉ ላይ አሁንም የቆረጠ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን በመስታወት ላይ ባያፈስ እመርጣለሁ። ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ያለበት የሲሚንቶ ገንዳ በላዩ የብረት መረብ ተደርጎበት ይበቃዋል። ከቤቴል ወደ አየር ጤና ወጥቶ የጅማን መንገድ ለያዘ ሰው ሰበታ ሩቅ አይደለም፤ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከሉ እዚያ ነው። ጫጩቱን ከመግዛት በፊት እዚያ ደርሶ ጎልማሳ አምባዛ ምን እንደሚያህል በዓይን ማየት የሚያስወጣው የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው።