አንድ ልማድ፥ ብዙ ደዌ

ደም ብዛት፥ የስኳር በሽታ፥ የልብና የኵላሊት ሕመም በአንድ ሰው አካል ላይ ተሰብስበው ሲገኙ ብዙ ሰው «መዓት በመዓት ላይ ወረደበት» ይላል። ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም፤ የሁሉም ምንጭ ጥቂት የዕለት ልማዶች ሆነው ይገኛሉና።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። በአሜሪካ አገር ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ 5,209 ወንዶችንና ሴቶችን መዝግበው በየ2 ዓመቱ ሲመረምሩ ኖረዋል። ሲጋራ ማጤስና የደም ግፊት ከፍ ማለት ለልብ በሽታ እንደሚያጋልጡ በይበልጥ የተገለጸው ከዚሁ ምርመራ ነው።

የትምባሆ ጢስ የደም ሥርን ውስጠኛ ግድግዳ ይጐዳል። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፥ ግፊቱም ይጨምራል፤ ግፊቱ የኵላሊትን ቀጫጭን ሥሮች ያበላሻል፤ የታመመ ኵላሊት ደግሞ ግፊቱን መልሶ ያብሰዋል። የስኳር በሽታ ከተጨመረበት ያው ሥር ከሁለት ወገን ይመታል፤ ዓይንም አይተርፍም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የተፈጨውም ከዚሁ ይቈጠራል፤ ገበታ ላይ ቀርቦ እንደ ገና «ጨው አምጡ» ማለት እንግዲህ ምን ይባላል? አዮዲን ያለበትን ጨው ግን መጠኑን መቀነስ እንጂ መተው አይገባም።

መምህር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ቢውልም መቆም እንደ መራመድ አይሆንለትም፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልገዋል።

ደም ብዛት ሳይሰማ ለዓመታት ስለሚኖር፥ ደኅና ነኝ የሚለውም ሰው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ግፊቱን ያስለካ። ኪኒን የታዘዘለትም ሕመም ስላልተሰማው ብቻ አያቋርጥ።