የጋራ ላይብረሪዎች ስምና ማኖሪያ ስፍራ

በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች አንድን ላይብረሪ በጋራ ይጠቀማሉ። ላይብረሪው በታደሰ ቍጥር አንዱም ፕሮግራም እንዳይሰናከል ስሙ በሥርዓት ሊሰጥ ይገባል።

ለምሳሌ ፋይል የሚያሳንሰውን ዜድሊብ እንመልከት። ስሞቹ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም «ሊብዜድ.ኤስኦ»፣ «ሊብዜድ.ኤስኦ.1» እና «ሊብዜድ.ኤስኦ.1.2.13» ናቸው። የፊተኛው ፕሮግራም በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ መካከለኛውም ፕሮግራሙ ሥራ በሚጀምርበት ጊዜ ይፈለጋል፤ ሁለቱም ወደ ሦስተኛው፣ ማለት ወደ እውነተኛው ፋይል ያመለክታሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ የደኅንነት ጉድለት በ1.2.13 እትም ሲታረም መካከለኛው ስም አልተለወጠም፤ ስለዚህም ፕሮግራሞቹ እንደገና መዘጋጀት ሳያስፈልጋቸው እርማቱን ለማግኘት ቻሉ። በአንጻሩ ኦፕንኤስኤስኤል በ2021 እ.ኤ.አ. ከቀድሞው ጋር የማይስማማውን 3.0 እትም ባወጣ ጊዜ፣ በስሙ ላይ ያለው ቍጥር ከ1.1 ወደ 3 ተለወጠ፤ አሮጌውና አዲሱም ጎን ለጎን ለመቀመጥ ቻሉ።

ስፍራውም እንዲሁ ይለያል። ከሲስተሙ ጋር የሚመጡት ላይብረሪዎች በ«/ዩኤስአር/ሊብ» ሥር ሲኖሩ፣ ባለቤቱ ራሱ ያዘጋጃቸው በ«/ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ» ይቀመጣሉ፤ ይኸውም አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳይደመስስ ነው።

እንግዲህ በመካከለኛው ስም ያለው ቍጥር ውል መሆኑን እንረዳለን። ውሉ ፈርሶ ቍጥሩ ሳይለወጥ ቢቀር፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ምንም ባላጠፋው ፕሮግራም ላይ ነው።